ቁጥር የሌለው ፊልም

የዳኛዋ ልጅ የፎቶ ቤቱን በር ገፋ አድርጋ "ደህና ዋላችሁ" ስትል ፎቶ አንሺው ኔጋቲቭ ጭንቅላቱን የካሜራው ጥቁር ጨርቅ ውስጥ ቀብሮ ነበር። ከፊቱ አንድ የጭነት መኪና ሾፌር ከፎቶ ቤቱ የተዋሰውን ኮትና ክራባት አድርጎ፣ ትንፋሹን ውጦ፣ በርጩማው ላይ ተገትሯል። ኔጋቲቭ ድምጿን ሲሰማ ማንሳቱን ረሳው። ከጨርቁ ሥር መውጣትም አቃተው። የሾፌሩ ፊት እየቀላ፣ ዓይኑ እየፈጠጠ ሄደና በመጨረሻ፣

"ወንድሜ፣ ልተንፍስ ወይስ ልሙት?" አለ።

ጥግ ላይ ተቀምጣ የፎቶ ጠርዝ በመቀስ የምትከረክመው አክስቱ ሳቋ አመለጣት። የዳኛዋ ልጅም ሳቀች። ያንን ሳቅ ጨርቁ ሥር ሆኖ የሰማው ሰው ግን አልሳቀም። ለዓመታት ሲሸሸው የኖረው ድምፅ ነበር።

"ኔጋቲቭ" ሰፈሩ ያወጣለት ስም ነው። ነጩን ጥቁር፣ ጥቁሩን ነጭ አድርጎ ያያል ለማለት ነው። ሰላም ያለውን ሰው "ምን ፈልጎ ነው?" ይላል፤ ሰላም ሳይለው ያለፈውን ደግሞ "ንቆኝ ነው" ይላል። ሰው ግን በባዶ ሜዳ እንዲህ አይሆንም። ትምህርቱን ያቋረጠው ገና በልጅነቱ ነው፤ ይህንን የሚያስታውሰው ሰውም አጥቶ አያውቅም። አንድ ጊዜ ዲፕሎማ አለኝ የሚል ባለሙያ ፎቶ ቤቱን ሊጎበኝ መጥቶ፣ ጨለማ ክፍሉን ዞር ዞር ብሎ አየና፣ ጠርሙሶችህ ላይ ለምን አትጽፍባቸውም፣ አንድ ቀን ትሳሳታለህ አለው። ኔጋቲቭ እጄ ማንበብ አያስፈልገውም ብሎ መለሰለት። ያ ሰውዬ ምናልባት ከበሩ ሳይርቅ ረስቶታል። ኔጋቲቭ ግን ዛሬም ፊቱን ሲታጠብ ትዝ ይለውና ሳሙናውን ይወረውራል።

ከሁሉ የሚብሰው የዳኛዋ ቤት ነው። የዳኛዋ ትልቋ ልጅ ስታገባ ፎቶ እንዲያነሳ የተጠራው እሱ ነበር። ሀብታም ቤት ሠርግ አንስቶ የማያውቅ ሰው ይህንን አይረዳም። ቀኑን ሙሉ ጠጋ በሉ፣ ቀና በሉ፣ ፈገግ በሉ ስትላቸው እንደ ሕፃን ይታዘዙሃል። ሳህን ሲዘረጋ ግን ማን እንደሆንክ አያውቁም። ዳኛዋ በመስኮት ብቅ ብላ፣ እሱ እየሰማ፣ ፎቶ አንሺው ከሾፌሮቹ ጋር ጓሮ ይብላ አለች። ድምፅዋን እንኳ ዝቅ አላደረገችም። እሱ ጓሮ ሄዶ የተገለበጠ ሣጥን ላይ ተቀመጠ፤ የቀረበለትን ግን አልነካውም። ያን ጊዜ ነው ታናሿ ልጅ የሠርግ ልብሷን እንደለበሰች፣ የራሷን ሳህን ይዛ፣ በኩሽናው በር የወጣችው። አጠገቡ ሌላ ሣጥን ገልብጣ ተቀመጠችና፣ "እኔም ፎቶ መነሳት ሰልችቶኛል" አለችው። ከዚያ ከሳህኗ ላይ አካፍላ አበላችው። ነገሩ የተጀመረው እዚያ ነው።

አሁን ያቺው ልጅ መጥታ በርጩማው ላይ ተቀመጠች። ለጉዞ ሰነድ የሚሆን ጉርድ ፎቶ ነው የፈለገችው። ወዲያ ማዶ ያለው ወንድሟ ጠርቷታል፤ ጠቅልላ ልትሄድ ነው። ይህንን ሁሉ ያወጣጣቻት አክስቱ ናት። አንድ መሐንዲስም እዚያ እንደሚጠብቃት፣ ወንድሟ እንደመረጠላት፣ እናቷም እንደወደደችው አክስቱ መቀሷን ሳታቆም አንድ በአንድ ሰማች። ኔጋቲቭ የሰማ አልመሰለም። መብራቱን አስተካከለ፣ ከዚያ እንደ ባንክ ቤት ሠራተኛ ባለ ድምፅ፣

"አገጭዎን ትንሽ ቀና ያድርጉ" አላት።

ልጅቷ አገጯን ቀና ከማድረግ ይልቅ ዓይኗን ጣለችበት። "ከመቼ ወዲህ ነው እኔ አንቱ የሆንኩት?"

"እዚህ ቤት ደንበኛ ሁሉ አንቱ ነው።"

መስታወቱ ፊት ቆሞ ክራባቱን የሚፈታው ሾፌር ዞር አለ። "እኔን ግን አንተ ነበር ያልከኝ" አለ፤ ቅር እንዳለው ያስታውቃል።

 ኔጋቲቭ ጨርቁ ሥር ገባ። በዚያ በድሮው ትልቅ ካሜራ ሰው የሚታየው ተዘቅዝቆ ነው። የሷም ፊት ተዘቅዝቆ መጣ፤ ቅንድቧ ላይ ያለችው የልጅነት ጠባሳ፣ አንድ ጎኑ ሁልጊዜ ከሌላው ቀድሞ የሚስቀው ከንፈሯ። በሰው ፊት ቢያያት ዓይኑን ይሰብር ነበር። ጨርቅ ሥር ግን ማን ያየዋል? እዚያ ኩራት የሚባል ነገር ለማንም አያስፈልግም። አያት። እስኪጠግብ ሊያያት ፈልጎ አልጠገበም። ከዚያ የካሜራውን ማንሻ ገመድ ሳብ አደረገና ወጣ፤ ፊቱም እንደገና ተዘጋ።

ነገ ከሰዓት በኋላ ይደርሳል አላት። ተነስታ በሩ ላይ ስትደርስ እጇን እጀታው ላይ አድርጋ ቆመች።

"ፊልሜን ግን ምን አደረግኸው?" አለችው።

"የቱን? ያንን ባዶውን?"

"ባዶ?"

"አንድም ነገር ያልነበረበትን። ቀልድዎ ደርሶኛል።"

የማታውቀውን ቋንቋ እንደሰማች ሁሉ አፍጥጣ አየችው። አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይሻለው ነበር። "ሁሉንም አንስቼው ነበር" አለች ቀስ ብላ። "እስከ መጨረሻዋ ድረስ።" ከዚያ ወጣች። በሩ ከኋላዋ ወዲያና ወዲህ ሲወዛወዝ ቆየ። 

*

ነገሩ እንዲህ ነበር። ልጅቷ ለትምህርት ሩቅ አገር ስትላክ፣ መጀመሪያ በአውቶቡስ፣ ቀጥሎ በባቡር፣ ከዚያ በጀልባ የሚኬድ መንገድ ነበረባት። ኔጋቲቭ የራሱን ትንሽ ካሜራ ሰጣት። ፊልሙን እንዴት እንደምታስገባ፣ እንዴት እንደምትጠቀልል፣ ብርሃን ከየት መምጣት እንዳለበት አስተማራት። "እወድሻለሁ" የሚለው ቃል ግን ከአፉ አልወጣ አለው። ለዳኛ ልጅ፣ ትምህርት ያቋረጠ ፎቶ አንሺ እንዴት አድርጎ ይናገራል? ስለዚህ በሙያው በኩል መጣ። መንገዱን ሁሉ አንሺው፣ የመጨረሻዋን ፎቶ ግን ለእኔ ተያት አላት። ሐሳብሽ ከእኔ ጋር ከሆነ ራስሽን አንሺ። ካልሆነም መንገዱን አንሺው፤ ይገባኛል። እሺ አለችው። ስትል አልሳቀችም።

ፊልሙ በአውቶቡስ ሾፌር እጅ፣ በመሐረብ ተጠቅልሎ መጣ። ኔጋቲቭ በገዛ እጁ አጠበው። ሲያወጣው ግን ከዳር እስከ ዳር እንደ መስኮት መስታወት የጠራ ነበር። የሷ ፊት የለም። መንገድ እንኳ የለም። መንገድ ቢሆን ይቅር ይላት ነበር። ይሄ ግን፣ አለ በልቡ፣ አንድም ጊዜ ካሜራውን ሳትነካ የላከችልኝ ነው፤ ከጓደኞቿ ጋር እየሳቁብኝ ይሆናል። ከዚያ በኋላ ደብዳቤ ጻፈችለት። ሌላም ጨመረች። ሁለቱንም አፋቸው እንደታሸገ መለሰላት። ተምራ ስትመለስም መንገድ እየቀየረ ሸሻት።

ልጅቷ ጉርድ የተነሳች ዕለት ማታ፣ ፎቶ ቤቱ ሊዘጋ ሲል አክስቱ መቀሷን አስቀምጣ ትናገር ጀመር። ዕድሜዬን ሙሉ የሰው ፊት በመቀስ ስከረክም ኖሬአለሁ፣ የሚዋሽ ፊት አውቃለሁ፣ የዚች ልጅ ፊት ግን አልዋሸም አለችው። ኔጋቲቭ ተናደደ። ቁምሳጥኑን ከፍቶ ከታችኛው መሳቢያ አንድ የቆርቆሮ ሣጥን አወጣ። ያንን ፊልም አልጣለውም ነበር። በመናደድ ነው ያስቀመጥኩት ይላል፤ አክስቱ ግን ሰው የጠላውን ነገር በመሐረብ ጠቅልሎ አያስቀምጥም ባይ ናት።

"ነይ እዪ" አላት። ፊልሙን ዘርግቶ አምፖሉ ሥር ያዘው። "እስኪ ምን ይታይሻል?"

አክስቱ መነጽሯን እስክታደርግ ድረስ የሱ ዓይን በፊልሙ ጠርዝ ላይ ሄደ። ከዚያ ቆመ።

እያንዳንዱ ፊልም ጠርዝና ጠርዙ ላይ ጥቃቅን ቁጥሮች አሉት። ፋብሪካው ነው ቀድሞ በብርሃን የሚያትማቸው። ፊልሙ እስኪታጠብ አይታዩም፤ ሲታጠብ ግን ጠቁረው ብቅ ይላሉ። ማንም ሰው ባያነሳበትም፣ ካሜራ ውስጥ ባይገባም፣ ቁጥሮቹ አይቀሩም። ባዶ ፊልም እንኳ ቁጥሩን ይናገራል።

ይሄኛው ቁጥር የለውም።

በጣቱ ዳሰሰው፤ ቁጥር በጣት የሚዳሰስ ይመስል። ማጉያ መነጽሩን አምጥቶ ከአንዱ ጫፍ እስከ ሌላው አየው። ደግሞ ገልብጦ አየው። አክስቱ ምን ሆንክ ስትለው አልሰማትም። ይህንን ሥራ የሚያውቅ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል፤ ማለት የሚችለውም አንድ ነገር ብቻ ነው። ፊልም የሚታጠብባቸው ፈሳሾች ሁለት ናቸው። የመጀመሪያው ሥዕሉን ያወጣል። ሁለተኛው ያልወጣውን ሁሉ በልቶ፣ የወጣውን ያጸናል። ፊልሙ ሁለተኛው ውስጥ ቀድሞ ከገባ ግን አልቆለታል። ሥዕሉም፣ ቁጥሩም፣ ያለው ሁሉ ታጥቦ ይሄዳል።

"ገልብጬ ነው ያጠብኩት" አለ። ድምፁ የሌላ ሰው ድምፅ ሆነበት። "ግን እንዴት ይሆናል? የግራው ጠርሙስ መጀመሪያ ነው፤ የቀኙ ቀጥሎ ነው። እጄ ስቶ አያውቅም።"

አክስቱ ፊልሙን ከእጁ ተቀበለችው። ከዚያ መነጽሯን አውልቃ በልብሷ ጫፍ ስትወለውል፣

"ፊልሟ መጣ ብለህ ክፍሉን ያጠብክበት ቀን አይደለም እንዴ?" አለች። "መደርደሪያውን ሳይቀር በሳሙና የፈተግኸው ቀን? ጠርሙሶቹን ደጅ አውጥተህ፣ ጥራጊውን ጠርገህ… ሙሽራ ልታስገባ ነው ወይ ብዬ የሳቅሁብህ ቀን?"

ያ ቀን ነበር። እንግዳ እንደሚመጣበት ሰው ቤቱን አጥቦ፣ ጠርሙሶቹን መልሶ ደርድሮ፣ እጁን ሁለት ጊዜ ታጥቦ ነው ጨለማው ውስጥ የገባው። ጠርሙሶቹን ሲመልስ የግራውን በቀኝ፣ የቀኙን በግራ አስቀምጧቸው ነበር። የሁለተኛው ፈሳሽ ሽታ አፍንጫ ይሰነፍጣል፤ በሌላ ቀን ቢሆን በጠረኑ ያውቀው ነበር። ያን ቀን ግን ክፍሉ የሚሸተው ሳሙና ብቻ ነበር። ፊልሙም ባዶ ሆኖ ሲወጣ፣ በንዴት ሁለቱንም ጠርሙስ ቱቦ ውስጥ ደፍቶ በማግሥቱ አዲስ በጠበጠ። ስለዚህ ስህተቱን የሚነግረው ሌላ ፊልም አልመጣም።

በሙያው ያበላሸው ፊልም አልነበረም። አንድ አበላሸ፤ እሱም ይሄኛው ነው። ለሷ ብሎ ክፍሉን ባያጥብ ኖሮ ፊቷን ያይ ነበር።

ረጅም ሰዓት በርጩማው ላይ ተቀመጠ። ዝም ማለት ይችላል። ነገ ትመጣለች፣ ጉርዷን ትወስዳለች፣ ማዶ ትሄዳለች። እሱም እጁ ስቶ የማያውቅ ፎቶ አንሺ እንደሆነ ይቀራል። አክስቱ ሐሳቡን ከፊቱ ላይ አነበበችው።

"ትነግራታለህ ወይስ እኔ ልንገራት?"

"ለዳኛዋ ልጅ፣ በገዛ እጄ አበላሸሁት ብዬ ልንገራት?"

"ለዳኛዋ ልጅ አይደለም" አለች አክስቱ፣ ፊልሙን በመሐረቡ መልሳ እየጠቀለለች። "ጓሮ አብራህ ለተቀመጠችው ነው።"

ኔጋቲቭ የተጠቀለለውን ፊልም ከእጇ ተቀብሎ ኪሱ ውስጥ ከተተው። 

*

በማግሥቱ ከሰዓት በኋላ የዳኛዋ መኪና በሩ ላይ መጥታ ቆመች። ሞተሯ አልጠፋም። ልጅቷ ብቻዋን ወርዳ ገባች፤ ፈጥና የምትወጣ ሰው አገባብ ነው የገባችው። ጉርዶቹ በፖስታ ሆነው አክስቱ ጠረጴዛ ላይ ተዘጋጅተዋል። ልጅቷ እጇን ወደ ፖስታው ስትዘረጋ፣

"አንድ ጊዜ ግቢ" አላት ኔጋቲቭ።

እጇ አየር ላይ ቀረ። "ግቢ" እንጂ ይግቡ አለማለቱን ሰምታለች። አክስቱ እጅግ አስፈላጊ ሥራ እንዳላት ሰው ጎንበስ ብላ መከርከም ጀመረች፤ በመቀሷ መሀል ግን ምንም ወረቀት አልነበረም።

ጨለማ ክፍሉ ውስጥ ቀዩ መብራት በርቷል። ኔጋቲቭ ፊልሙን ከመሐረቡ አውጥቶ በእጇ አስያዛት። መሐረቡ የራሷ እንደሆነ አወቀችው። ከዚያ ነገራት። ስለ ቁጥሮቹ፣ ስለ ጠርሙሶቹ፣ ክፍሉን ስላጠበበት ቀን። ሲጀምር የሙያ ነገር የሚያስረዳ ሰው ይመስል ነበር፤ ወደ መጨረሻው ግን ቃላቱ አለቁበት።

"እኔ ነኝ ያጠፋሁት" አላት። "በዚህ እጄ። ከዚያ ደግሞ አንቺ ላይ ለጠፍኩት።"

ልጅቷ ፊልሙን በጣቶቿ መሀል ቀስ እያደረገች አሳለፈችው። እሱ የሚመጣበትን ነገር ቆሞ ጠበቀ። ስድብ ቢሆን ይችለዋል፤ ለምዶታል። ሳቅ ቢሆን ግን አይችለውም ነበር።

"ታዲያ አላየኸኝም" አለች በመጨረሻ።

"አላየሁሽም።"

"እኔ ደግሞ፣ አይቶኝ ዝም አለ፤ አይቶ አልፈለገኝም እያልኩ…" አልጨረሰችውም። "ከዚያ ወዲህ ፎቶ ተነስቼ አላውቅም። ትናንት ነው የተነሳሁት።"

ኔጋቲቭ ግድግዳውን ተደገፈ። ሲናቅ የኖረ የመሰለው እሱ ነበር። የተናቀች የመሰላት እሷም እንደነበረች፣ ያንን ሁሉ ዘመን በበኩሏ ያንኑ መራራ ነገር ስትውጥ እንደኖረች፣ አስቦትም አያውቅም።

"ምን ነበረበት?" አላት። "ንገሪኝ።"

"አሁን የት አስታውሰዋለሁ? ብዙውን ረስቼዋለሁ።"

"ግድ የለም። ፊልም የሚታጠበው በጨለማ ነው።" እጁን ዘርግቶ ቀዩን መብራት አጠፋው።

ጨለማው ድፍን ያለ ነው። ትንፋሿን ይሰማል። ከዚያ አንድ ነገር ብልጭ አለላት። መናኸሪያ ነው አለችው። አውቶቡሱ ሊነሳ ሲል በመስኮት ያነሳሁት ነው። ኔጋቲቭ እንደ ሐኪም ጠየቃት፤ ፀሐይዋ በየት በኩል ነበረች? በግራ። ጥላውስ የት ወደቀ? ጥላው… እናቴ ላይ። ጥላው እናቷን አመጣላት። እናቷ ፊቷን አዙራ ነበር፤ ጀርባዋን ሰጥታ ቦርሳዋ ውስጥ ቁልፍ እንደምትፈልግ ሰው ታጎነብሳለች። ትከሻዋ ግን ይንቀጠቀጥ ነበር። ዳኛዋ ስታለቅስ ማንም አይቶ አያውቅም፤ ልጇም ያየቻት በዚያች በካሜራው ቀዳዳ ነው።

ከዚያ በኋላ ሥዕሎቹ እየተጎተቱ መጡ። እሱ ብርሃኑን ይጠይቃል፣ እሷ የቀረውን ታገኘዋለች። ባቡሩ የቆመበት ጣቢያ ላይ አንድ ፀጉር አስተካካይ አንዱን መንገደኛ ይላጫል፤ መንገደኛው ጭኑ ላይ ዶሮ ታቅፏል፣ ዶሮዋ አረፋውን ትኩር ብላ ታያለች። ጀልባው ላይ አንዲት ሴት ልብስ አጥባ በብረቱ አጥር ላይ አስጥታለች፤ ነፋሱ አንሶላውን አንስቶ የፎቶውን ግማሽ ሸፈነው፣ ከአንሶላው በስተጀርባ የሕፃን እግሮች ብቻ ይታያሉ። የሕፃኑን እግሮች ረስታቸው ነበር። አሁን ሲጠይቃት ነው የመጡላት። ዝናብ ያባራበት መንገድ ደግሞ አለ፤ እሱ ላይ ጣቷ ሌንሱን ሸፍኖት ይሆናል፣ ግማሹ መንገድ ግማሹ ጣት ነው አለችው።

"ጣትሽንም አጠፋሁት ማለት ነው" አለ ኔጋቲቭ።

በጨለማው ውስጥ ሁለቱም ሳቁ። ውጭ መኪናዋ ጥሩንባ ነፋች። ማንም አልተንቀሳቀሰም።

"የመጨረሻዋስ?" አላት። ድምፁ ለራሱም አልተሰማውም።

ፊልሙን መልሳ እጁ ላይ አኖረችው።  አሁን አልነግርህም ትለኛለች ብሎ ፈራ፤ ብትለውም መብቷ ነው።

"ያረፍኩበት ቤት መስታወት ነበር" አለች። "ጥጉ የተሰነጠቀ። ከሰዓት በኋላ ነበር፣ ብርሃኑ በቀኜ። ልብሴን ተኩሼ ለብሼ፣ ካሜራውን ደረቴ ላይ ይዤ ቆምኩ። ከዚያ የማነሳው ለማን እንደሆነ ሳስብ እጄ ተንቀጠቀጠ። ደብዝዞ ይሆናል።"

"አልደበዘዘም" አላት ኔጋቲቭ።

ያላየውን ነው የሚናገረው። ግን አይቶት ነበር፤ የተሰነጠቀውን ጥግ፣ የተተኮሰውን ልብስ፣ በቀኝ የገባውን ብርሃን፣ ቀድሞ ሊስቅ የዳዳውን የከንፈሯን አንድ ጎን። ልጅቷ በጨለማው እጁን ፈልጋ አገኘችው።  

*

አክስቱ "እመቤቴ፣ እመቤቴ፣ ጨለማ ክፍል አይገባም" ስትል ከውጭ ተሰማ። ሁለቱም ብርሃን እየወጋቸው ዓይናቸውን ጨፍነው ወጡ። ዳኛዋ ፎቶ ቤቱ መሀል ቆማለች፤ የቤት ቁልፏ በጣቷ ላይ ይሽከረከራል። ጉርዱ እስካሁን አልደረሰም ወይ ብላ ጠየቀች። ከዚያ የልጇን ፊት አየች፣ እሱ የያዘውንም ፊልም አየች። ሽክርክሪቱ ቆመ።

"ምንድን ነው እሱ?"

"ልጅዎ ያን ጊዜ በመንገድ ላይ ያነሳችው ፊልም ነው። ጠፍቷል።"

"ማን አጠፋው?"

በችሎት የምትጠይቀው እንዲህ ይሆናል። ኔጋቲቭ በሌላ ቀን ቢሆን ይህንን ድምፅ ሲሰማ መንጋጋው ይቆለፍ ነበር። "እኔ" አለ።

"አውቀህ ነው?"

"ሳላውቅ ነው ያጠፋሁት። አውቄ ያጠፋሁት ከዚያ በኋላ ያለውን ነው።"

ዳኛዋ ልትናገር አፏን ከፈተች። ኔጋቲቭ ግን አያት። ሠርጉ ቤት በመስኮት ብቅ ያለችውን ሴት አልነበረም ያየው። ጀርባዋን የሰጠች፣ ትከሻዋ የሚንቀጠቀጥ ሴት ነው ያየው።

"ፊልሙ ላይ እርስዎም ነበሩ እመቤቴ" አላት። "መናኸሪያው ላይ። ቦርሳዎ ውስጥ ቁልፍ ሲፈልጉ።"

የአክስቱ መቀስ ቆመ።  ዳኛዋ ልጇን አየቻት፤ ከዚያ ወለሉን።

"ቁልፍ አልነበረም የምፈልገው" አለች። ድምፅዋ ዝቅ አለ፤ ኔጋቲቭ ያ ድምፅ ዝቅ ሲል ሰምቶ አያውቅም። "ያየኝ ሰው ያለ አልመሰለኝም።"

"እኔ አይቼሻለሁ እማ" አለች ልጅቷ። ከዚያ ጠረጴዛው ላይ ያለውን ፖስታ አንስታ ለአክስቱ መልሳ አስያዘቻት። "ይሄ ይቆይልኝ። ሌላ ፎቶ ልነሳ ነው።"

ዳኛዋ ፖስታውን አየች፣ ልጇን አየች፣ ፈሳሽ የበላው ሽርጥ የለበሰውን ሰውዬ አየች። ብዙ ነገር ልትል ትችል ነበር፤ ሁሉም ፊቷ ላይ ሲያልፍ ኔጋቲቭ አንድ በአንድ አየው። በመጨረሻ ግን ዞር ብላ ደንበኞች ተራ የሚጠብቁበትን አግዳሚ ወንበር ሳብ አደረገችና፣ ከኋላው ግድግዳው ላይ ከተሣለው ፏፏቴ ሥር ቁጭ አለች።

"እጠብቃለሁ" አለች።

ዳኛዋ ከተቀመጠች በኋላ አክስቱ ወንበሩን ልትጠርግላት በጨርቅ መጣች፤ ጊዜው ማለፉን ስታውቅ ደግሞ እፍረቷን ለመሸፈን ማበጠሪያ አቀረበችላት። ዳኛዋ ማበጠሪያውን ተቀብላ ምን እንደምታደርገው ግራ ገብቷት ጭኗ ላይ አስቀመጠችው።

ልጅቷ በርጩማው ላይ ተቀመጠች። አገጯን ማንም አላስተካከለላትም። ኔጋቲቭ ጨርቁ ሥር ሲገባ ከኋላው ጠራችው፤

"ጠርሙሶቹ ላይ ሳይጻፍባቸው ይህችን እንዳታጥባት።"

ያ ዲፕሎማ ያለው ሰውዬ ብልጭ አለበት። ሲመጣ ግን አልቆረቆረውም፤ አላፊ አግዳሚ ሆኖ አለፈ።

"አንቺ ትጽፊባቸዋለሽ" አላት። "በአንቺ እጅ ጽሕፈት ከሆነ አነበዋለሁ።"

የካሜራው መስታወት ላይ ተዘቅዝቃ መጣች። ብርሃኑ በቀኟ ነው፤ ራሷ ዞራ ነው ያመጣችው። ካሜራ ባይኖራትም ሁለት እጇን ደረቷ ላይ አድርጋለች። የከንፈሯ አንድ ጎን ቀድሞ ሊስቅ ነው። ኔጋቲቭ ገመዱን ያዘ፤ ግን መሳብ አልቻለም። ጨርቁ ሥር ማንም በማያየው ቦታ ዓይኑ ሞልቶ፣ መስታወቱ ደበዘዘበት። ፎቶዋ ሳይሆን እሱ ነው የደበዘዘው። ጠበቀ። ዓይኑ እስኪጠራ ጠበቀ። ከጨርቁ ውጭ ያሉት ሁሉ ጠበቁት፤ ሞተሩ ያልጠፋው መኪና እንኳ የጠበቀው ይመስላል።

በርጩማው ላይ ያለችው ትንፋሿን ውጣ ቀርታለች።

"ልተንፍስ ወይስ ልሙት?" አለች።

"ተንፍሺ" አላት፤ እሱም አብሯት ተነፈሰ።